ሊቀ ዋንጫና የዳክዬዎቹ ኩሬ

በየቤቱ ማንም ያልሾመው አንድ ዳኛ አለ። በአንዱ ቤት በመኪና ሞተር ላይ ይፈርዳል፣ በሌላው በሰው ትዳር ላይ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሐኪም ባዘዘው መድኃኒት ላይ። አስተያየቱን የጠየቀው የለም፤ ተጠይቆማ ቢሆን ምኑን ዳኛ ሆነው! ከሁሉም የከፋው ግን አዲስ በወጣ ጌም ላይ የሚፈርደው ነው። በሞተር የሚፈርደው ቢያንስ ሞተሩ እስኪነሣ ይጠብቃል። የጌም ዳኛ ግን ጌሙ ገና ከኢንተርኔት ሳይወርድ ፍርዱን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ ጨርሷል።

"እኔ ጌም የሚባል ነገር አላውቅም፣ አይመለከተኝም" የምትሉ ካላችሁ አትቸኩሉ። ሰውየውን ታውቁታላችሁ። ሰልፍ ላይ ከኋላችሁ ቆሞ "ትናንት የወጣውን አያችሁት?" ያላችሁ፣ እናንተም በየዋህነት "የቱን?" ብላችሁ ተራችሁ እስኪደርስ የተቀጣችሁበት ሰው እሱ ነው።

ልብስ ሰፊዋ እትዬ ይህን ሰው ያገኘችው ሰልፍ ላይ አይደለም። ታናሽ ወንድሟ ነው። እሷ ሃምሳ ዓመቷ፣ እሱ አርባ ሦስት። ሥራው የሊፍት ጥገና ነው፤ ሚስት የለውም፤ ለምን እንደሌለው ወደፊት እንደርስበታለን። የሚኖሩት ከወላጆቻቸው በቀረ ቤት ውስጥ ነው። የፊተኛው ክፍል የእሷ ስፌት ቤት፣ የኋለኛው ሳሎን ደግሞ የእሱ ችሎት ነው። በመሃል ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ደንበኞቿ ሱሪ ሲለኩ አብረው ፍርድ ይሰማሉ። አንዲት ደንበኛ "እትዬ፣ ያ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የሚጣላው?" ብላ ብትጠይቃት፣ "ከማንም፤ ጌም እየወረደለት ነው" አለቻት።

"ሊቀ ዋንጫ" ብላ የሾመችውም እሷው ናት። ዋንጫ የተባለው ነገር እንዲህ ነው። ሰውየው የሚጫወታቸው ጌሞች ዲስክ የላቸውም፣ ከኢንተርኔት ይወርዳሉ። በየጌሙ ውስጥ ይህን ጠላት ያሸነፈ፣ ያንን ተራራ የወጣ ሰው ሽልማት አለው፤ ከቴሌቪዥኑ ጥግ ትንሽ ዋንጫ ብቅ ትልና "ቲንግ!" ትላለች። የነሐስ አለ፣ የብር አለ፣ የወርቅ አለ። ሁሉንም የለቀመ ሰው "መቶ ከመቶ" ይባላል። በሊቀ ዋንጫ መዝገብ ላይ ስልሳ ሦስት ጌሞች ነበሩ፤ ስልሳ ሦስቱም መቶ ከመቶ። አንድ ዘጠና ዘጠኝ አይገኝበትም። መዝገቡን ዓለም በሙሉ ከፍቶ ሊያየው ይችላል፤ ዓለም ያን ያህል ጉጉት አለው ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ክቡርነታቸው ፍርዳቸውን የሚሰጡት በሦስት ዙር ነው። የመጀመሪያው ጌሙ ሊወጣ ነው ሲባል፣ ሥዕሉን ብቻ አይተው፦ "ገና ከስሙ ያስታውቃል።" ሁለተኛው ሲወርድ ነው፤ ስክሪኑ ላይ አሥራ ሁለት ከመቶ ወርዷል ሲል ክቡርነታቸው ሶፋው ላይ ተመቻችተው፣ እግራቸውን አነባብረው፣ "ከባድ ነው እንጂ ቁም ነገር የለውም" ይላሉ። ሦስተኛው መቶ ከመቶ ሲሞላ ነው፤ እሱ ይግባኝ የለውም። የፍርዳቸውም መሠረት የዋንጫ ዝርዝር ነው። "የዋንጫ ዝርዝሩን ሳነብ የሠራው ሰው ፊቱ ይታየኛል" ይላሉ፤ ፊቱም አብዛኛውን ጊዜ ደስ አይላቸውም። ከምንም በላይ ደማቸውን የሚያፈላው ለቀላል ነገር የሚሰጥ ዋንጫ ነው። አንድ ጌም ገና ሲጀመር በር ለከፈተ ተጫዋች ዋንጫ ሰጠ ብለው ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፈው ነበር። "በር ለከፈተ ሰው ዋንጫ!" ከዚያ ወዲያ ይቺ ቃል ከአፋቸው አልጠፋችም። እትዬ ክር ሲበጠስባት እንኳ ትጠቀምባታለች።

ቤት ውስጥ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። አንድ ቀን አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መካከል ሊፍት ቆሞባት ሊቀ ዋንጫ ተጠራ። ደረሰ፣ በሩን አንኳኳ፣ "አይዞሽ" አላት። እንዳትደነግጥ ብሎም በዚያ ሳምንት ስለወጣው የባሕር ወንበዴዎች ጌም ይተርክላት ጀመር። ሴትዮዋ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ወጥታ ላብሽ ምንድን ነው ስትባል፣ "ጨለማውንስ ችዬው ነበር" አለች። ክፉ ሰዎች እንደሚሉት ጥገናው አሥራ አምስት ደቂቃ የሚበቃው ነበር፤ በሩ የዘገየው ታሪኩ ሦስተኛው ደሴት ላይ ስላልደረሰ ነው።

ሚስት ጋ ደረስን። አንዲት መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ሳቂታ፣ ደርባባ ሴት አንድ ቅዳሜ ይዞ መጣ። እትዬ ከደስታዋ ብዛት የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች። ጭራሽ ልጅቷ ራሷ ጌም ትጫወታለች! ሊቀ ዋንጫ ፊቱ በራ።

"የትኛውን?"

ነገረችው።

"እሱን? ጥሩ ነው። ስንት ከመቶ ደረስሽ?"

"እኔ እንጃ፤ ግማሽ ይሆናል። ደስ ሲለኝ አቆምኩት።"

"ደስ ሲልሽ አቆምሽው?" አላት፣ ቀስ ብሎ። ሐኪም መጥፎ ወሬ ሲናገር በሚያወጣው ድምፅ ነበር የጠየቃት። ከዚያ ስለ መቶ ከመቶ አንድ ሰዓት አስተማራት። ሴትየዋ ሻይዋን ጨርሳ፣ እትዬን ሳመቻትና ሄደች፤ በዚያው ቀረች። "ሰው ደስ ሲለው ቢያቆም ምን አለበት፣ አንተ የማትረባ!" ብላ እትዬ በመቀስ እጀታ ጠረጴዛውን ደበደበችው።

የዳክዬዎቹ ጌም የወጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። በነፃ ስለተሰጠ አወረደው፤ ዝርዝሩን አንብቦ እሳት ጎርሶ ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆመ። እትዬ የሆቴል አስተናጋጆች ሱሪ ትዘመዝማለች።

"'የዳክዬዎቹ ኩሬ' ይባላል። ስሚኝ እንግዲህ። አንድ ፍርፋሪ ለወረወረ ዋንጫ። ዳክዬ ዞር ብላ ላየችው ዋንጫ። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ዋንጫ! እትዬ፣ እየሰማሽኝ ነው?"

"እየሰማሁህ ነው። ያንን ጠመኔ አቀብለኝ።"

"የመጨረሻው ነው የባሰ። ያንን ዋንጫ ለማግኘት መቶ ሰዎች ከየቤታቸው ባንድ ጊዜ በኢንተርኔት መገናኘት አለባቸው። ሠሪዎቹ ደግሞ አቅም የለንም ብለው መገናኛውን ሳይከፍቱት ቀሩ። ገባሽ? ማንም ሊጨርሰው አይችልም! አንዲት ዋንጫ ካገኘሽ ደግሞ አለቀ፤ ጌሙ መዝገብሽ ላይ ይጻፋል፣ አይፋቅም። ዘጠና ሰባት ከመቶ እስከ ዕለተ ሞት!"

"ውይ፣ ዳክዬዎቹን" አለች እትዬ። "ጠመኔውን።"

"አጥፋው እንግዲህ" ስትለው ግን አላጠፋውም። ሳይከፍተው የጌም ማሽኑ ውስጥ አስቀመጠው። ኤግዚቢት ነው አለ።

እስካሁን የሳቅነው ይበቃል፤ እትዬ ወደቀች። ከላይኛው መደርደሪያ ጥቅል ጨርቅ ላውርድ ብላ በርጩማ ላይ ወጥታ ነው። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ከረመች። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል ተባለ፤ ጣቶቹ ግን የሌላ ሰው ጣቶች ሆነው ቆዩዋት። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ አንገናኝም አሉ። መርፌ የሚያዘው ደግሞ በእነዚህ በሁለቱ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ አጃቢ ናቸው።

ሆስፒታል ውስጥ የተጎዳ እጅና እግር በእንቅስቃሴ የምታክም አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት አለች። ፊዚዮዋ ነገሩን አልሸፋፈነችም። "በነዚህ ሁለት ወራት ጣቶችዎን ካላሠሯቸው እንደደረቁ ይቀራሉ" አለቻት። አንድ ለስላሳ ኳስና አንድ ወረቀት ሰጠቻት። እትዬ ቤቷ ገብታ የስፌት መኪናዋን አየችው፣ እጇን አየችው። ሠላሳ ዓመት በዚህ እጅ ኖራለች፤ ወንድሟን ያስተማረችው በዚህ እጅ ነው፤ ከዚህ ሌላ የምታውቀው ሥራ የለም። ኳሱን ሁለት ቀን ጨመቀችው። ምንም የተለወጠ ነገር አልታይ ሲላት በሦስተኛው ቀን የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ ወርውራ ከደነችበት።

ሊቀ ዋንጫ ወረቀቱን አንሥቶ አነበበው። ማንበብ ብቻ መች ያውቃል!

"'ኳሱን አሥር ጊዜ ጨምቂ። ጣትሽን አሥር ጊዜ እጠፊ። ድገሚ።' ድገሚ! ይህንን የነደፈው ሰው ፊቱ ይታየኛል። ደረጃ የለው፣ ጠላት የለው፣ መጨረሻው የት እንደሆነ አይታወቅ። ማን ይጫወተዋል ይህን? እኔ ብሆን ኖሮ…"

"እጄ ጌም አይደለም!"

እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም። እሷም ራሷን ሰምታው አታውቅም።

"የኖርኩበት እጅ ነው! መርፌ መያዝ አቃተኝ፣ አልገባህም? ሁለተኛ በእጄ ላይ አስተያየት እንዳትሰጥ። ሁለተኛ!"

ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ ቦታው መለሰ፣ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ፍርድ ቀረ። ሦስት አዳዲስ ጌሞች ወጡ፣ ወረዱ፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እትዬ ለዓመታት "ምነው ዝም ባለልኝ" ስትል የኖረች ሴት፣ ዝም ሲልላት ቤቱ ጭር ብሎባት ሆድ ባሳት።

በዚያው ሰሞን የሥራ ጃኬቱ ኪስ በሊፍት በር ተይዞ እስከ ግማሹ ተቀደደ። በመርፌ ቁልፍ አያያዘውና እንደ ተንጠለጠለ ይለብሰው ጀመር።

"ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ውሰደው" አለችው።

"ይቆይ።"

"የልብስ ሰፊ ወንድም ሆነህ ኪስህ ተንጠልጥሎ ስትሄድ ሰው ምን ይለኛል?"

"ይቆይ አልኩሽ፣ እትዬ።"

እልኸኛ ነገር፤ ሆን ብሎ የሚያበሽቃት መሰላት።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወንድሟ ሥራ ሄዶ እትዬ ብቻዋን ነበረች። ጠረጴዛው ላይ አንድ መርፌ ወድቋል። ላንሣው አለች። ጣቶቿ መርፌውን ገፉት እንጂ አላነሡትም። እንደገና ሞከረች፤ ተንሸራተተ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። መርፌው ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ መሬት ወደቀ፣ እትዬም እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች። የንዴት ልቅሶ ነው፤ ልብ አያሳርፍም።

የተናደደ ሰው የሚናደድበት ይፈልጋል። ሳሎን ገባች። ያ ማሽን ቴሌቪዥኑ ሥር እንደ ባለሥልጣን ተጎልቷል። "አንተ ደግሞ ምን ቢኖርህ ነው?" ብላ አበራችው። ሲያደርግ እያየች ስለኖረች አላቃታትም። ስክሪኑ ላይ የወንድሟ ፎቶ መጣ፣ "ተጫዋቹ ማነው?" አላት፤ ከእሱ ሌላ ፎቶ ስላልነበረ እሱኑ ነካችው። ከዚያ የጌሞቹ ሥዕል ተደረደረ፦ ጎራዴ፣ ጠመንጃ፣ ዘንዶ፣ ፊቱ የተቃጠለ ሰውዬ። ከመጨረሻው ላይ አንዲት ቢጫ ዳክዬ ነበረች። ዳክዬዋን ከፈተች።

ኩሬ ነው። ዳክዬዎች ይዋኛሉ። ሌላ ነገር የለም። በእጅ ከሚያዘው ጆይስቲክ ጀርባ እንደ ጠመንጃ ያለች፣ ለሌባ ጣት የተሠራች ምላጭ አለች፤ እሷን ሲስቧት ፍርፋሪ ይወረወራል። እትዬ ሌባ ጣቷን እንደምንም አሳርፋ ሳበች። ጣቷ ደርቋልና መሃል ላይ መቆም አልቻለም፤ ጭልጥ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሳባት። ፍርፋሪው እንደ ድንጋይ ውኃው ላይ ተከሰከሰ፤ ዳክዬዎቹ በርግገው በረሩ።

"ኧረ ተዉ!" አለቻቸው።

ተመለሱ። እንደገና ሳበች፤ እንደገና በረሩ። ነገሩ ገባት፦ ምላጯ የምትሳበው እስከ ግማሽ ብቻ ነው፣ ቀስ ተብሎ። ከስፌት መኪና ፔዳል ጋር አንድ ነው። ሠላሳ ዓመት ፔዳል ረግጣ ይህ አይጠፋትም፤ የጠፋት ጣቷ ነው። ስትሞክር ምሳ ሰዓት አለፈ። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ዳክዬዎቹ ሲመጡ፣ ሲበርሩ፣ ስትሰድባቸው፣ ስትለምናቸው ዋሉ። አንዲት ፍርፋሪ በወግ አልወረወረችም። ኳሱን ግን ሁለት ደቂቃ ጨምቃው አታውቅም።

ሊቀ ዋንጫ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሥራው ቀድሞ አልቆለት ገባ። ሳሎን በር ላይ ሲደርስ ቆመ። እትዬ በዓይኗ ጥግ አየችው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"እትዬ… ይኼ… በማን ስም ነው የከፈትሽው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ ፎቶህን ነው የነካሁት። ዝም በል፣ እየመጡልኝ ነው።"

"ዋንጫ መጥቷል? ቲንግ ብሏል?"

"ምንም አላለም። ዝም በል አልኩህ እኮ!"

ሰውየው በሦስት እርምጃ ቴሌቪዥኑ ጋ ደረሰ፤ ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ያዘ። ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ነው ብላ እትዬ ልብም አላለችው። ዓይኗ ዳክዬዎቹ ላይ ነው። ትንፋሿን ያዘች። ሌባ ጣቷ ምላጯ ላይ ጎበጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቀስ አለ፣ ቀስ አለ፣ ግማሹ ላይ ቆመ። ፍርፋሪው ውኃው ላይ እንደ ቅጠል አረፈ። አንዲት ዳክዬ መጣች፣ በላች።

ቲንግ!

"የእኔ ነው?" አለች እትዬ። "እሷ ቲንግ ያለችው ለእኔ ነው?"

ወንድሟ ጎንበስ እንዳለ፣ እጁ ሶኬቱ ላይ እንዳለ፣ ስክሪኑን ሳይሆን ጣቷን ነበር የሚያየው።

"የአንቺ ነው" አላት። ሶኬቱን ለቀቀው። መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያም፣ "ክንድሽን ትራሱ ላይ አሳርፊው፤ እንደሱ ከያዝሽው ይደክምሻል" አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግፍ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ ሊቀ ዋንጫ አሠልጣኝ ሆነ። ጠዋት ሥራ ሳይሄድ፣ ከሰዓት ሲመለስ፣ "ዛሬ ለሦስቱ ዳክዬ ባንዴ ነው፤ አውራ ጣትሽን አትርሺ" ይላል። እትዬ ትጮህበታለች፣ እሱ ይመክራል፣ ዳክዬዎቹ ይበርራሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱ ጣቶች ተነካኩ። በሦስተኛው ቁልፍ አነሣች። ፊዚዮዋ እጇን አገላብጣ አይታ፣ "ኳሱን በደንብ ሠርተውበታል" ብትላት፣ እትዬ ኳሱ የት እንደገባ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባት።

በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ ስፌት ቤት ሆና መርፌ ትመርጣለች። ሊቀ ዋንጫ በየቅዳሜው በኢንተርኔት የሚያገኛቸው ጓደኞች አሉት፤ አራት ሰዎች ናቸው፣ እሷ "ጉባኤው" ትላቸዋለች። የሚመሯቸው አንድ የጥርስ ሐኪም ናቸው። በጆሮ ማዳመጫ ነበር የሚያወሩት፤ ያን ቀን ማዳመጫው ስለተበላሸ የጥርስ ሐኪሙ ድምፅ በቴሌቪዥኑ በኩል ቤቱን ሞላው።

"ክቡር ዳኛ! መዝገብህን ማን ሰረቀው?"

"ማንም አልሰረቀው።"

"ዳክዬ አየሁበት እኮ! ዘጠና ሰባት ከመቶ! 'የነካው ሰው እጁን ይታጠብ' ያልከን አንተው ራስህ አይደለህም እንዴ?"

ጉባኤው ሳቀ። ሌላው፣ "ሳያውቅ ነክቶት ነው፣ ተዉት" አለ።

"ሳላውቅ አይደለም።"

"ታዲያ የመጀመሪያዋ ዋንጫ ሳትመጣ አታጠፋውም ነበር? ሶኬቱን ብትነቅለው አይበቃም?"

"ይበቃ ነበር። እጄ ላይ ነበር።"

የእትዬ እጅ መርፌዎቹ ላይ ቀጥ አለ። ያ ሶኬት ትዝ አላት። ጎንበስ ማለቱ፣ አመድ የመሰለው ፊቱ፣ "ቲንግ ብሏል?" ያለው። ዘጠና ሰባት ከመቶ እስከ ዕለተ ሞት። ያኔ ሱሪ እየዘመዘመች የሰማችውን አሁን ሰማችው።

"ታዲያ ምን ሆነህ?" አሉ የጥርስ ሐኪሙ።

እንግዲህ "እኅቴ እጇ ተጎድቶ ነው" ቢል ጉባኤው በአንድ አፍ "አይዞህ" ብሎት ነገሩ ያበቃ ነበር። እትዬ ግድግዳው ጋ ተጠግታ ይህንኑ ጠበቀች። እሱ ግን በእጄ ላይ አስተያየት እንዳትሰጥ ተብሏል። አልሰጠም።

"ፍርዴን ላሻሽል ነው" አለ ሊቀ ዋንጫ። ጉሮሮውን ጠረገ። "የዳክዬዎቹ ኩሬ፦ አሥር ከአሥር።"

ጉባኤው ተንጫጫ። ስልሳ ሦስት ጌም ጨርሶ ለአንዱም አሥር ሰጥቶ አያውቅም።

"ፍርፋሪ ለወረወረ ሰው ዋንጫ ለሚሰጥ ጌም?" አሉ የጥርስ ሐኪሙ። "በር ለከፈተ ሰው ዋንጫ እያልክ ስታስቀን አልነበረም እንዴ?"

"ፍርፋሪ መወርወር ቀላል መስሎዎት ነው?" ድምፁ እንደ ልማዱ አልነበረም። "ሞክረውት ያውቃሉ? እኔ ሲወረወር አይቻለሁ። ከስልሳ ሦስቱ ጌም አንዱም እንደሱ አላስጨነቀኝም። በሩም ቢሆን ምን ያህል እንደሚከብድ አጣርቼ አልፈረድኩም ነበር። በቃ፤ ይግባኝ የለውም።" ቴሌቪዥኑን ዘጋው።

እትዬ ግድግዳው ሥር ቆማ እንባዋ ወረደ። ይህን ሰው ስንቴ ረግማዋለች፣ ስንቴ "ከቤቴ ውጣልኝ" ብላዋለች! እንደምትወደው ሁልጊዜም ታውቃለች፤ ይህን ያህል መሆኑን ግን አታውቅም ነበር። ፊቷን በቁራጭ ጨርቅ ጠረገች።

"አንተ! ና ወዲህ!"

መጣ። ምን አጠፋሁ እንደሚል ሰው በሩ ላይ ቆመ፤ ኪሱ ተንጠልጥሏል።

እትዬ በግራ እጇ መርፌ ያዘች፣ በቀኟ ክር። ዓይኗን አጠበበች። የክሩ ጫፍ ሳተ። ጫፉን በከንፈሯ አርጥባ ደገመች፤ ሳተ። ወንድሟ አፉን ከፍቶ ምክር ሊሰጥ ሲል አየችውና፣ "እንዳትተነፍስ!" አለችው። በሰባተኛው ክሩ በመርፌው ዓይን አልፎ በወዲያ በኩል ብቅ አለ።

ቀና ብላ ወንድሟን አየችው።

"እ?" አለችው።

"ምን?"

"ቲንግ የለም?"

"ቲንግ" አለ ሊቀ ዋንጫ በአፉ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"የወርቅ ነው?"

"የነሐስ።"

"የነሐስ! ሠላሳ ዓመት የሰፋሁ ሴትዮ!"

"ክር ላስገባ ሰው ወርቅ አንሰጥም። ሕግ ነው።"

"ወርቁን ታዲያ ለማን አስቀመጥከው?"

ሊቀ ዋንጫ ጃኬቱን አወለቀ። የመርፌ ቁልፉን ፈታ። የተቀደደውን ኪስ ወደ ላይ አድርጎ ጃኬቱን ፊቷ ዘርግቶ አስቀመጠላት።

"ማዶ ያለው ሰውዬ ቢሰፋው ኖሮ ይቺ ዋንጫ ታመልጥሽ ነበር" አላት።

በፊት አራት ደቂቃ የማይፈጅባትን ሥራ ሃምሳ ደቂቃ ሠራችው። እሱም በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጠበቀ፤ በሕይወቱ ከባዱ ዋንጫ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ስፌቷን አየችው። ጥጉ ላይ ሦስት መርፌ ያህል ተንጋዷል።

"ልፍታውና እንደ ገና ልስፋው" አለች።

"እንዳትነኪው!"

ጃኬቱን ከእጇ ነጠቀ። ወደ መስኮቱ ወስዶ አገላበጠው፤ የተንጋደደውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ክቡርነታቸው እንደ ልማዳቸው ለማንም የማያደሉ ዳኛ ናቸውና ፍርዳቸውን ሰጡ፦

"ዘጠና ሰባት ከመቶ።"

ጃኬቱን ለበሰውና እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ ሶፋው ተመለሰ።